«እግዚአብሔር» ብለው ሲጽፉ ምን ጻፉ? ስለ አይሁድ የስም አከባበር ለወጣ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ሲተላለፍ የቆየ ባለ ስድስት ገጽ ጽሑፍ እኔም እጅ ገባ። ርእሱ «የአምላክን ስም የቀበሩ ሰዎች» ይላል፤ ሰዎቹ አይሁድ ናቸው። ጸሐፊው ስማቸውን አላኖሩም። ብዕራቸው የሰላ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ገልጠው የሚያነቡ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። ስድብ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ አልፈው ነበር፤ ክርክር ስለሆነ ግን መልስ ይገባዋል።

ክሳቸው ሲጨመቅ እንዲህ ነው። በዕብራይስጥ በአራት ፊደል (ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ) የሚጻፈውን የአምላክን ስም አለመጥራት በመካከለኛው ዘመን የነበሩ ረቢዎች የፈጠሩት አጉል ፍርሃት ነው። ሦስተኛው ትእዛዝ የሚከለክለው የሐሰት መሐላን ብቻ ነው። የአይሁድ ጸሐፍት ስሙን ከመጽሐፍ አጥፍተው በሌላ ተክተውታል። እውነተኛው አጠራር «ይሖዋ» ነው። ሕጋቸው «አምላክ» የሚለውን ተራ ቃል እንኳ በሰረዝ ቆርጠው እንዲጽፉ ያስገድዳቸዋል። በመጨረሻም ቤተ እስራኤል «እግዚአብሔር» እያሉ በነጻነት ሲጠሩት መኖራቸው፣ ልማዱ የኦሪት እንዳልሆነ ምስክር ነው።

እኔ የቤተ እስራኤል ልጅ ነኝ። አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው፤ የጸሎት መጽሐፍ ገልጬ ማንበብ የተማርኩት ግን እስራኤል ከገባን በኋላ በዕብራይስጥ ነው። የመጨረሻዋ ነጥብ ስለ እኔ ወገን ስለምትናገር ወደ ኋላ ላቆያት። ከስድስቱ በአንዱ ግማሽ መንገድ ያህል ከጸሐፊው ጋር እሄዳለሁ።

መጀመሪያ «የመካከለኛው ዘመን ፈጠራ» የሚለው፤ ሌላው ክስ ሁሉ የተደገፈው በእርሱ ነውና።

ሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱስ ከጸሐፊው ቤት አይጠፋም ብዬ ልገምት። መጽሐፈ ሲራክን ያውጡና ምዕራፍ 23ን ይግለጡ። አፍህን መሐላ አታስለምደው፤ የቅዱሱንም ስም መጥራት አታዘውትር የሚል ምክር ያገኛሉ። ሲራክ ይህን የጻፈው ኢየሩሳሌም ተቀምጦ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም ነው። ያን ጊዜ ረቢ የሚባል ማዕረግ ገና አልነበረም። ወደ ምዕራፍ 50 ቢያልፉ ደግሞ ሊቀ ካህናቱ ስምዖን ከመሠዊያው ወርዶ፣ በጉባኤው ላይ እጁን ዘርግቶ ሲባርክ፣ በስሙም ሲመካ ያዩታል። ሁለቱ ምዕራፎች አንድ ላይ ሲነበቡ የዘመኑን መልክ ያሳያሉ፤ ሰው በየመንገዱ ስሙን እንዳያዘወትር ይመከራል፣ ካህኑ ግን በቤተ መቅደስ ይባርክበታል። ታልሙድም፣ የረቢዎች ትምህርትና ክርክር የተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ ዮማ በሚባለው ክፍል፣ ጻድቁ ስምዖን ብሎ የሚጠራው ሊቀ ካህናት ከሞተ በኋላ ካህናት ወንድሞቹ በስሙ መባረክን ተዉ ይላል።

በመጀመሪያው መቶ ዓመት የኖረው የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ዮሴፍ (እኛ ከምናውቀው ከዮሴፍ ወልደ ኮርዮን መጽሐፍ ጋር አይምታታ) እግዚአብሔር በቍጥቋጦው ዘንድ ለሙሴ ስሙን እንደነገረው ከተረከ በኋላ፣ ስለዚያ ስም ልናገር አልተፈቀደልኝም ብሎ ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ ከቁምራን ዋሻዎች የወጡትን ጥቅልሎች ደግሞ ይመልከቱ። በትንቢተ ዕንባቆም ማብራሪያ ላይ ጽሑፉ ሁሉ በዘመኑ ፊደል ሆኖ ሳለ፣ ስሙ ብቻ ያን ጊዜ ባረጀው በጥንቱ የዕብራይስጥ ፊደል ተጽፏል። በሌሎች ቁራጮች ላይ በስሙ ቦታ አራት ነጠብጣብ ተደርጓል። እኛ ዐረፍተ ነገር የምንዘጋበትን አራት ነጥብ ባየሁ ቁጥር ያ ብራና ትዝ ይለኛል። የቁምራን ሰዎች ከኢየሩሳሌም ካህናት ጋር የተጣሉ፣ ተለይተው የኖሩ ማኅበርተኞች ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ምስክር ግን የሳምራውያን ነው። ሳምራውያን ከአይሁድ የተለዩት ከጥንት ጀምሮ ነው፤ ሚሽናንም (ታልሙድ የተመሠረተበትን የቃል ሕግ መጽሐፍ) ታልሙድንም አይቀበሉም፤ ዛሬ ቁጥራቸው ስምንት መቶ ገደማ ሆኖ በገሪዛን ተራራና በሖሎን ከተማ ይኖራሉ። ኦሪታቸውን ሲያነቡ ባለ አራት ፊደሉ ስም ላይ ሲደርሱ «ሼማ» ብለው ያልፋሉ፤ «ስሙ» ማለት ነው። የረቢዎች ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ረቢን ከማይሰሙ ሰዎች አፍ እንዴት ገባ?

ለሚዛን ያህል ለጸሐፊው የሚጠቅም፣ እርሳቸው ያላነሡት ማስረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በ1935 በጥንቷ የይሁዳ ከተማ በለኪሶ ፍርስራሽ በሸክላ ስባሪ ላይ የተጻፉ ደብዳቤዎች ተገኝተዋል፤ የተጻፉት ባቢሎን ኢየሩሳሌምን ከማፍረሷ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ወታደሩ ለአለቃው ሲጽፍ ባለ አራት ፊደሉን ስም ጠርቶ «ጌታዬን የሰላም ወሬ ያሰማው» ብሎ ይጀምራል። በመጽሐፈ ሩት ቦዔዝ አጫጆቹን ሰላም የሚለው በስሙ ነው፤ ሚሽናም ይህን ሰላምታ እንደ ምሳሌ ያነሣዋል። በነገሥታቱ ዘመን እንግዲህ ስሙ እንደኛ «እግዜር ይስጥልኝ» በየሰው አፍ ነበር። ልማዱ ከዚያ ወዲህ መጣ ቢሉ አልከራከራቸውም። ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረውን አንሥተው መካከለኛው ዘመን ላይ ሲጥሉት በብዙ መቶ ዓመታት ተሳስተዋል።

«አጉል ፍርሃት» የሚለው ቃል ደግሞ ለነገሩ አይመጥንም። ሚሽና ዮማ የስርየትን ቀን፣ ዮም ኪፑርን፣ ሲተርክ፣ በአደባባዩ የቆሙት ካህናትና ሕዝብ ግልጹ ስም ከሊቀ ካህናቱ አፍ ሲወጣ በሰሙ ጊዜ ተንበርክከው፣ ሰግደው፣ በግንባራቸው ተደፍተው «የመንግሥቱ ክብር ስም ለዘላለም ይባረክ» ይሉ ነበር ይላል። በዚያች ቀን ሊቀ ካህናቱ ስሙን የሚጠራው አሥር ጊዜ ነበር። ዛሬም በብዙ ምኵራቦች በዮም ኪፑር ይህ ታሪክ ሲነበብ ሰዉ መሬት ላይ ይደፋል፤ ስሙ ግን አይጠራም። ያቺ «ይባረክ» የምትል ዐረፍተ ነገር ዓመቱን ሙሉ «ስማዕ እስራኤል» ካሉ በኋላ በሹክሹክታ ትባላለች፤ በዮም ኪፑር ብቻ ጮክ ይባልባታል። በዓሉን ራሱን «ስግድ» ብሎ የሰየመ ሕዝብ ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህን ስርዓት ያየሁ ቀን ፍርሃት የሚለው ቃል አልመጣልኝም።

ወደ ሦስተኛው ትእዛዝ ልለፍ፤ ግማሽ መንገድ አብሬ እሄዳለሁ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። «የአምላክህን የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ አትጥራ» የሚለው ቃል ቀድሞ ስለ መሐላ ነው፤ የአይሁድ ተርጓሚዎችም የተረዱት እንዲያ ነው። ጸሐፊው «ብቻ» ማለታቸው ግን አይይዝላቸውም። ታልሙድ ያለ ምክንያት የተባለ ምርቃትን፣ ማለትም ሳይበሉ የማዕድ ምስጋና ማድረስን የመሰለውን ሁሉ፣ በዚያው ትእዛዝ ሥር ያስገባዋል። ከዚያ በላይ ግን ጸሐፊው ክሱን የመሠረቱት በተሳሳተ ጥቅስ ነው፤ ስሙን አለመጥራት ከዚህ ትእዛዝ አልወጣም። ታልሙድ የሚያነሣው ዘጸአት 3፥15ን ነው፤ «ይህ ለዘላለም ስሜ ነው»። ዕብራይስጡ «ለዖላም» ይላል፤ የግእዙ «ለዓለም» እኅት ቃል ነው። በዚህ ቦታ ቃሉ ዋው የምትባለዋ ፊደል ጎድላው ተጽፏል። ሊቃውንቱ ይህን አይተው «ለዓሌም» ብለህ አንብበው፣ ማለትም «ለመሰወር» አሉ፤ አክለውም «እንደምጻፈው አልነበብም፤ በዮድና በሄ እጻፋለሁ፣ በአሌፍና በዳሌጥ እነበባለሁ» የሚል ቃል በእግዚአብሔር አንደበት አኖሩ። በአሌፍና በዳሌጥ የሚጀምረው «አዶናይ» ነው፣ «ጌታዬ»። የአንድምታ ጉባኤ ቤት የዋለ ሰው በእንዲህ ያለ ንባብ አይደነግጥም። እኔ ግን ፊደል ስለጎደለ ሕግ ወጣ ብዬ አልሟገትም፤ ልማዱ ቀድሞ ኖሮ ጥቅሱ በኋላ የተገኘለት ይመስለኛል።

«ስሙን ከመጽሐፍ አጥፍተው በሌላ ተኩት» ለሚለው ትዕግሥት አጠረኝ። ዛሬ በማንኛውም የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ባለ አራት ፊደሉ ስም ከ6,800 ጊዜ በላይ ተጽፎ ይገኛል፣ አንድ ፊደል ሳይጎድልበት። በዓይን ይታያል፤ አፍ ግን ሌላ ያነባል። የተተካው ንባቡ ነው። ጽሕፈቱን መንካትማ በአይሁድ ሕግ ከባድ ጥፋት ነው፤ ዘዳግም 12 የጣዖታቱን ስም ከዚያ ቦታ አጥፉ ካለ በኋላ «እናንተ ለአምላካችሁ ለእግዚአብሔር እንዲህ አታድርጉ» ይላል። ከዚህች ቃል የተጻፈውን ስም መፋቅ ክልክል ነው የሚለው ሕግ ወጣ። በ12ኛው መቶ ዓመት ማይሞኒደስ (ራምባም የሚባለው) ሕጉን ሲያጠቃልል የማይፋቁ ሰባት ስሞችን ቆጠረ፤ «ኤል»፣ «ኤሎሂም»፣ «ሻዳይ»፣ «ጸባኦት» የመሳሰሉት አሉበት። «ሩኅሩኅ»፣ «ታላቅ»፣ «ኃያል» የሚሉት ግን ለእርሱ ቢነገሩም ይፋቃሉ፤ ቅጽል ናቸውና። ዝርዝሩ ከዚህም ይወርዳል። ከስሙ በፊት የተቀጠለ ፊደል፣ እኛ «ለእግዚአብሔር» ስንል «ለ»ን እንደምንቀጥለው ያለው፣ ይፋቃል። ከኋላው የተቀጠለው፣ «አምላክህ» ላይ እንዳለው «ህ» ያለው፣ አይፋቅም፤ ስሙ ቀድሶታል ይላሉ።

ብራና ላይ ኦሪት የሚጽፈው ሰው ሶፈር ይባላል፤ የአገራችን ቁም ጸሐፊ እንደማለት ነው። በተራ ቃል ላይ ቢሳሳት በምላጭ ፍቆ ያርማል። በስሙ ላይ ቢሳሳት ግን መፋቅ የለም፤ ገጹ በሙሉ ይነሣና ይቀመጣል፣ የሳምንታት ድካም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ስሙን ከመጻፉ በፊት «ለስሙ ቅድስና እጽፋለሁ» ብሎ በአፉ ይናገራል፤ አንዳንዱ ቀድሞ ተጠምቆ ይመጣል። ስሙን እየጻፈ ሳለ የእስራኤል ንጉሥ መጥቶ ሰላም ቢለው እንኳ አይመልስም።

ለሶፈር ትልቁ ወጥመድ ደግሞ «ይሁዳ» የሚለው ስም ነው። በመዝሙር 118 ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል የሚለውን ተራ የምታውቁ ተከተሉኝ፤ ይሁዳ የሚጻፈው በዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ዳሌጥ፣ ሄ ነው። ዳሌጧ ከተዘለለች የቀሩት አራቱ ፊደላት ራሱ ስሙ ናቸው። እንቅልፍ የያዘው ሶፈር የያዕቆብን ልጅ እጽፋለሁ ብሎ የፈጣሪን ስም ይጽፋል። ታልሙድ ይህን ጉዳይ አንሥቶ ተከራክሮበታል። እንዲህ የሚጠነቀቁትን ሰዎች «ስሙን አጠፉት» ማለት፣ ለእኔ፣ የማኅደር ጠባቂን ሌባ ብሎ መክሰስ ነው።

አራተኛው ክስ «ይሖዋ» ነው። ይህ ቃል ለብዙ አማኞች የተወደደ መሆኑን አውቃለሁና ማንንም ላስቀይም አልፈልግም፤ ነገሩ ግን የፊደል ጉዳይ ነው። የእኛ ፊደል ድምፁን ይዞ ነው የሚጻፈው፤ «በ» እና «ቡ» በቅርጽ ይለያያሉ። ዕብራይስጥ በጥንቱ አጻጻፍ ተነባቢዎቹን ብቻ ይጽፋል። በሰባተኛውና በአሥረኛው መቶ ዓመታት መካከል ማሶራውያን የሚባሉ ሊቃውንት የንባብ ምልክቶችን ከፊደላቱ ሥርና በላይ አኖሩ። ባለ አራት ፊደሉ ስም ላይ ሲደርሱ ያኖሩበት ምልክት የራሱን አይደለም፤ «እዚህ አዶናይ በል» ብሎ ለአንባቢ ለማስታወስ የ«አዶናይ»ን ምልክት ነው። ይህን ደንብ ያላወቁ የአውሮፓ ክርስቲያን ሊቃውንት በ13ኛው መቶ ዓመት አካባቢ የአንዱን ቃል ፊደል ከሌላው ቃል ድምፅ ጋር አጋብተው ሲያነቡ «ይሖዋ» ተወለደ።

ይህ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ ነገር አይደለም። ስንቸኩል «እግ/ር» ብለን እንጽፋለን፤ ሁሉም «እግዚአብሔር» ብሎ ያነበዋል። ደንቡን ያልሰማ እንግዳ ቢመጣ «እግር» ብሎ ያነብና ሐበሾች እግር ያመልካሉ ብሎ ይጽፍብናል። (በነገራችን ላይ ይህ አጻጻፍ እኔን ሁልጊዜ ያስከፋኛል። አይሁድ ስሙን የሚያሳጥሩት ወረቀቱ ቢጣል እንዳይዋረድ ነው፤ እኛ ግን ቦታና ጊዜ ለመቆጠብ ብለን እግር እናደርገዋለን።) ሌላም ማረጋገጫ አለ። ዘፍጥረት 15፥2ን በመሳሰሉ ቦታዎች ከስሙ በፊት «አዶናይ» የሚል ቃል ራሱ ተጽፎ ይገኛል። አንባቢው ሁለት ጊዜ «አዶናይ» እንዳይል፣ ማሶራውያን እዚያ ላይ የ«ኤሎሂም»ን ድምፅ አኖሩ። ምልክቱ እውነተኛው አጠራር ቢሆን ኖሮ ስሙ ከአንዱ ቍጥር ወደ ሌላው ይለዋወጥ ነበር። ምሁራን ዛሬ «ያህዌ» የሚለውን ይመርጣሉ፤ አንዱ መነሻቸው በአምስተኛው መቶ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊው ቴዎዶሬጦስ ሳምራውያን «ያቤ» ይሉታል ብሎ መጻፉ ነው። እኔ በየትኛውም አልጠራውም። አጥባቂዎቹማ ፊደላቱን ሲቆጥሩ እንኳ «ሄ»ን «ኬ» ብለው ይለውጧታል፤ በወሬ መካከልም «ኤሎሂም»ን «ኤሎኪም» ይሏታል። በጸሎትና በንባብ ጊዜ ግን አይለውጡም፤ ጸሐፊው «ፊደል ቀይረው ያላግጣሉ» ያሉት ይህን ሳይለዩ ነው።

የሰረዙ ነገር አጭር ነው። «ሕጋቸው ያስገድዳቸዋል» ሐሰት ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ሻኽ በሚል ስም የሚታወቀው ሊቅ፣ ሻብታይ ሃኮሄን፣ ከዕብራይስጥ ውጭ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ስም የሕጉን ቅድስና እንደማይዝና ሊፋቅ እንደሚችል ወስኗል። «አምላክ» የሚለው የአማርኛ ቃል ከሰባቱ አንዱ አይደለም። ታዲያ እንግሊዝኛ የሚጽፉ ብዙ አይሁድ «God» በሚለው ቃል መካከል ሰረዝ የሚያስገቡት («G-d») ለምንድን ነው? ልማድ ነው፤ ጥንቃቄ። በ19ኛው መቶ ዓመት የኖረው ረቢ የሒኤል ሚኸል ኤፕሽታይን ሰዎች በደብዳቤ ላይ ስሙን በየቋንቋው ይጽፉና ደብዳቤው ቆሻሻ ላይ ይወድቃል ብሎ ክፉኛ አዝኗል። አንዱ ሰረዝ ያስገባል፣ ሌላው ረቢ ሳይቀር ሙሉውን ይጽፋል። «ጌታ» እና «ሁሉን ቻይ» የሚሉትን ጭምር በሰረዝ የሚበጣጥስ ሲያጋጥመኝ እኔም ይበዛብኛል። ስሙን በንግግር ለማለስለስ ተብሎ የወጣውን «አዶሼም» የሚል ድቅል ቃልም የራሳቸው ሊቃውንት ነቅፈውታል። በኮምፒውተር መስኮት ላይ የታየውን ማጥፋት ደግሞ አብዛኞቹ የዘመናችን ረቢዎች ይፈቅዳሉ፤ ጸሐፊው «ለመደምሰስ ይንቀጠቀጣሉ» ያሉትን ከየት እንዳመጡት አላውቅም።

ቁጥር ላይ ግን ጥንቃቄው እውነት ነው፤ ያምራልም። ዕብራይስጥ በፊደል ይቆጥራል፤ ዮድ 10፣ ሄ 5 ናት። 15 ለመጻፍ ዮድና ሄ ቢያጋጥሙ «ያህ» የሚለው አጭሩ ስም ይወጣል፤ «ሃሌ ሉያ» የምንለው መጨረሻው ላይ ያለው እርሱ ነው። ስለዚህ ጤትና ዋው፣ 9 እና 6፣ ይጽፋሉ፤ 16ንም 9 እና 7 ያደርጋሉ። የዛፎች በዓል ቱ ቢሽቫት የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ «ቱ» ጤትና ዋው ሲጋጠሙ ነው፣ የሽቫት ወር 15ኛ ቀን።

አሁን ወደ ርእሳቸው። «የአምላክን ስም የቀበሩ» ብለዋል። በአንድ ነገር ልክ ናቸው፤ በእውነት ይቀብሩታል። ስሙ ያለበት ብራና ወይም የጸሎት መጽሐፍ ሲያረጅ አይጣልም፣ አይቃጠልም። በምኵራቡ ጥግ ባለ ሣጥን ወይም ክፍል ይጠራቀማል፤ ጌኒዛ ይባላል፤ ሲሞላ እንደ ሰው መቃብር ተቆፍሮለት ይቀበራል። በጥንቷ ካይሮ፣ በፉስጣጥ፣ ቤን ዕዝራ በሚባለው ምኵራብ የነበረው ጌኒዛ ግን ለመቶዎች ዓመታት ሳይቀበር ተከማቸ። የኦሪት ቁራጭ፣ የጋብቻ ውል፣ የነጋዴ ደብዳቤ፣ የሕፃን ፊደል መለማመጃ፣ የማይሞኒደስ የገዛ እጁ ጽሕፈት ጭምር አንድ ላይ ገቡ፤ በዕብራይስጥ ፊደል የተጻፈውን ሁሉ ለመጣል ሰዎቹ አልደፈሩማ። እ.ኤ.አ. በ1896 ሁለት ስኮትላንዳውያት እኅትማማቾች ከምሥራቅ ይዘዋት የመጡትን አንዲት ቅጠል የካምብሪጁ ሰለሞን ሼክተር አየና ምን እንደሆነች ለየ። ወዲያው ካይሮ ወርዶ ክምሩን ጭኖ መጣ፤ ዛሬ ካምብሪጅ ብቻ 193,000 ያህል ቁራጮች አሉ።

ያቺ ቅጠል የምን ነበረች? የመጽሐፈ ሲራክ ዕብራይስጥ። ግሪኩና ግእዙ ሲነበቡ ኖረው ዕብራይስጡ ለመቶዎች ዓመታት ከዓለም ጠፍቶ ነበር። ከላይ ለጸሐፊው የጠቀስኩት መጽሐፍ በመጀመሪያ ቋንቋው ወደ ሰው እጅ የተመለሰው ከዚህ «መቃብር» ነው። ስለ ቅዱሱ ስም አታዘውትር ያለው መጽሐፍ፣ ስሙን ላለመጣል ብለው ባከማቹት ወረቀት መካከል መገኘቱን ሳስበው ፈገግ እላለሁ።

የቀረችው ቤተ እስራኤልን የምትመለከተው ናት። ጸሐፊው «ታልሙድ ያልደረሰባቸው ቤተ እስራኤል ስሙን በነጻነት ጠሩት» ይላሉ። የትኛውን ስም? የወገኖቼ ኦሪት በግእዝ ነው። የግእዙ ኦሪት የተተረጐመው ከግሪኩ ነው። ግሪኩ በባለ አራት ፊደሉ ስም ቦታ «ኪርዮስ» ይላል፣ «ጌታ» ማለት ነው፤ እርሱም የ«አዶናይ» አቻ ነው። ከጥንቶቹ የአይሁድ የግሪክ ቅጂዎች ጥቂቶቹ ስሙን በግሪኩ መካከል በዕብራይስጥ ፊደል ጽፈውት ተገኝተዋል፤ ለእኛ የደረሰው ግን «ኪርዮስ» ያለው ነው። የግእዝ ተርጓሚዎች ከዚያ ተነሥተው «እግዚአ ብሔር» አሉ፤ የአገር ጌታ፣ የምድር ጌታ። ስለዚህ ቤተ እስራኤል ባለ አራት ፊደሉን ስም አልጠሩትም፤ በመጽሐፋቸውም አልነበረም። በጸሎታቸው «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ይላሉ፤ አልፎ አልፎም ራሱ «አዶናይ» የሚል ቃል ይገባበታል። ያ ደግሞ ኢየሩሳሌም ውስጥ ስሙን ላለመጥራት የሚባለው ያው ቃል ነው።

ይህ ለእኔ ወገን ብቻ የሚነገር አይደለም። የሰሜን ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖችም፣ ቁም ጸሐፊዎቻቸው ስሙን በቀይ ቀለም የሚጽፉት፣ ሲጽፉት የኖሩት ምትኩን ነው። ጸሐፊውም እንዲሁ። በስድስቱ ገጽ አይሁድ ስሙን በ«ጌታ» መተካታቸውን ሲነቅፉ «እግዚአብሔር» ብለው የጻፉት፣ ቆጥሬዋለሁ፣ 31 ጊዜ ነው። 31 ጊዜ የነቀፉትን ልማድ ጠብቀዋል። «ሃሼም» የሚለው የዛሬ አይሁዳዊ «ስሙ» ብሎ ያልፋል፤ እኛ «የአገሩ ጌታ» ብለን እናልፋለን። እዚህ ያደጉ የወንድሞቼ ልጆች በዕብራይስጥ «ባሩኽ ሃሼም» ይላሉ፣ ከአያታቸው ጋር ሲሆኑ በአማርኛ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ሲደናቀፉ አላየሁም።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ልጅ ሳለሁ ከገበያ ጨው ወይም በርበሬ የሚመጣልን በአሮጌ ደብተርና መጽሐፍ ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። ጨውን ወደ ቅል ከገለበጠች በኋላ መጠቅለያውን ዘርግታ «የእግዜር ስም አለበት ወይ? እስቲ እየው» ትለኝ ነበር። አለበት ካልኳት እሳት ማያያዣ አይሆንም፤ አጣጥፋ ከግድግዳው ስንጥቅ ትሸጉጠዋለች። የለበትም ካልኳት ወደ ምድጃው ይገባል። አንዳንድ ቀን ወረቀቱን ለራሴ ስፈልገው አለበት ብዬ እዋሻት ነበር። ታልሙድ የሚባል ነገር በሕይወቷ ሰምታ የማታውቅ ሴት ነበረች።

የጸሐፊውን ስድስት ገጽ ያነበብኩት አትሜ ነው። የሻኽን ውሳኔ አውቀዋለሁ፤ በአማርኛ ስለተጻፈ ቅርጫት ውስጥ ልጥለው ይፈቀድልኛል። ከምኵራባችን በር አጠገብ ካለው ሣጥን ከተትኩት።